ለኒውክሌር ማመንጫ የሚሆን ኬብል፦ ከተራው በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ አቅራቢያ ባለ የኬብል ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው የምሠራው። ኬብሎቻችን የአይ ኢ ሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ድርጅት) ስታንዳርድ ያሟላሉ፤ የእሳት ፍተሻም አልፈዋል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ማመንጫ የተፈረመውን ከሰማን ወዲህ አለቆቼ ‹እኛም እናቀርባለን› ማለት ጀምረዋል። ካታሎጋችን ላይም ‹ለኒውክሌር ማመንጫ የሚሆን› የሚል መስመር ሊገባ ነው። እኔ የመሰለኝ ኢንሱሌሽኑን (የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ) ወፈር አድርጎ የጨረር መከላከያ መጨመር ብቻ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ‹ያው ተራ ኬብል ነው፤ ወረቀት ጨምረውበት ነው በብዙ እጥፍ የሚሸጡት› አለኝ። እውነቱ የቱ ነው? እኛስ ምን ይጎድለናል?»

ምላሽ፦ ካታሎጉ ላይ ያ መስመር አይግባ። የቀረውን ባያነቡት እንኳ ይቺን ይያዙልኝ። አሁን ወደ ምክንያቱ።

መጀመሪያ ስለ ጨረሩ። ኢንሱሌሽን ማወፈር ጨረር አይመልስም። ጋማ ጨረርን ለማስቆም ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ምንም አያደርገውም። ከኬብሉ የሚፈለገው ጨረሩ እያለፈበት ሳይሰባበር መቆየት ነው። ጨረር የፕላስቲኩን ሞለኪውሎች ይበጣጥሳል፤ ሲውል ሲያድር ኢንሱሌሽኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ለንጽጽር ያህል፣ ሰው በአንድ ጊዜ 5 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ከደረሰበት የመትረፍ ዕድሉ የመነመነ ነው። በሪአክተሩ ሕንፃ ውስጥ ለሚዘረጋ ኬብል ግን፣ በአሜሪካ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የፍተሻ መጠን የዕድሜ ልኩና የአደጋው ጊዜ ተደምሮ 2 ሚሊዮን ግሬይ ይጠጋል።

ለቤት ሽቦ የለመድነው ፒ ቪ ሲ እዚያ ቦታ አይመረጥም። ክሎሪን አለበት። ሲበላሽ ወይም ሲቃጠል አሲድ የሚሆን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙም አጠገቡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድና የመዳብ መገናኛ ይበላል። ስለዚህ በብዛት የሚገቡት ኤክስ ኤል ፒ ኢ (ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ፕላስቲክ) እና ኢ ፒ አር (የጎማ ዓይነት) የሚባሉት ናቸው። ፋብሪካዎ ኤክስ ኤል ፒ ኢ ያመርት ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ግን ስሙ ብቻውን ሩቅ አያስኬድም። ሁለት አምራቾች ኤክስ ኤል ፒ ኢ ብለው የሚሸጡት ዕቃ ውስጥ የተጨመረው ፀረ ኦክሳይድ ኬሚካል ከተለያየ፣ አረጃጀታቸውም ይለያያል።

ወደ ሰርተፍኬቱ ልሂድ። እርስዎ በእጅዎ ያለው ሰርተፍኬት የሚመሰክረው ስለ አዲስ ኬብል ነው። ከመስመር ወጣ፣ ናሙና ተቆረጠ፣ ተፈተሸ፣ አለፈ። ይህ ለሕንፃም ለፋብሪካም ይበቃል። የኒውክሌር ስታንዳርድ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ኬብል 40 ዓመት ሙቀትና ጨረር ከተሸከመ በኋላ፣ ልክ ሊቀየር አንድ ቀን ሲቀረው የሪአክተሩ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ሆኖ ሲግናሉን ያደርሳል ወይ? «ያደርሳል ብለን እናምናለን» መልስ አይሆንም። በሙከራ ታይቶ በሰነድ መቅረብ አለበት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታል። «አይ ፒ 67 ነው፣ ውኃ አይገባውም» የሚሉ አሉ። አይ ፒ 67 ማለት በአንድ ሜትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ ተረፈ ማለት ነው፤ ያውም አዲስ እያለ። 170 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ግፊት ያለው እንፋሎት የጎማ ማሸጊያን እንዴት እንደሚያደርገው አይነግረንም። «ለፍንዳታ አካባቢ የተፈቀደ ነው» የሚሉም አሉ። ያ ፈቃድ ዕቃው በዙሪያው ያለውን ጋዝ እንዳያቀጣጥል የሚጠብቅ ነው። በአደጋ ሰዓት ሥራውን ይቀጥላል አይልም። ሁሉም ጥሩ ስታንዳርዶች ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

ደግሞ በማመንጫው ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ይህን ይጠየቃል ማለት አይደለም። ይህ ለእናንተ የምሥራች ነው። አሜሪካኖቹ ለደኅንነት ወሳኝ የሆነውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ክላስ 1ኢ ይሉታል፦ ሪአክተሩን ለማጥፋት፣ ለማቀዝቀዝ፣ ጨረሩ እንዳይወጣ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ተራ ነው። ሩሲያዎቹ ደግሞ ኤን ፒ-001-15 በሚባለው ደንባቸው ዕቃውን ከ1 እስከ 4 ይመድባሉ፤ 4ኛው ደኅንነትን የማይነካው ነው። ፈረንሳዮቹም የራሳቸው አመዳደብ አላቸው። የቢሮው መብራት፣ የወርክሾፑ ሶኬት፣ የግቢው ፓምፕ ሁሉ ኬብል ይፈልጋሉ፤ እነዚህ በጥሩ የኢንዱስትሪ ኬብል ይሠራሉ።

ወሳኝ ከሆነውም ውስጥ ቦታው ይለያያል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያለ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) አደጋ ቢደርስም አየሩ ብዙም አይለወጥበትም። ስለዚህ የእንፋሎት ፍተሻ አይጠየቅም፤ የመሬት መንቀጥቀጡ ግን ይጠየቃል። በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ በመለስተኛው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ በትልቁ መንቀጥቀጥ ይፈተናል። ፈታኞቹ የሚያዩት ሳጥኑ አለመሰበሩን ብቻ አይደለም። እየተንቀጠቀጠ ሳለ የሪሌዩ መገናኛ ለቅጽበት እንኳ ተከፍቶ የውሸት ሲግናል ልኮ እንደሆነ ይለካሉ። ሪአክተሩን የከበበው ወፍራም የኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ያለው ኬብል፣ ሞተር፣ ትራንስሚተር (ልኬት አስተላላፊ) ግን ሁሉንም ይቀምሳል።

ይህ «ሁሉንም» እንዴት እንደሚሠራ በኬብል ላሳይዎት። ዋናው ስታንዳርድ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች በጠቅላላው አይ ትሪፕል ኢ 323 የሚባለው ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ከአይ ኢ ሲ ጋር ተዋህዶ አንድ ሰነድ ሆኗል። ለኬብል ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ 383 አለ። ቁም ነገሩ ፍተሻዎቹ ቅደም ተከተል ያላቸው መሆኑ ነው። ሁሉም ያው አንድ ናሙና ላይ ነው የሚካሄዱት። ለሙቀት አንድ ቁራጭ፣ ለጨረር ሌላ ቁራጭ፣ ለእንፋሎት ሦስተኛ ቁራጭ ማቅረብ አይቻልም።

መጀመሪያ ናሙናው በምድጃ ውስጥ ይረጃል። 40 ዓመት መጠበቅ ስለማይቻል ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ጊዜውን ማሳጠር ነው። ሒሳቡ አሬኒየስ በሚባለው ቀመር ይሠራል። ለምሳሌ ኬብሉ ሥራ ላይ 60 ዲግሪ ውስጥ ይኖራል እንበል። የቁሱ አክቲቬሽን ኢነርጂ (ሙቀት ሲጨምር እርጅናው ምን ያህል እንደሚፋጠን የሚወስነው ቁጥር) 1 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን፣ 150 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 9 ቀን ገደማ ማቆየት 40 ዓመትን ይተካል። ቀላል ይመስላል፤ አደጋውም እዚሁ ነው። ያው ኬብል ሲዘረጋ ትኩስ የእንፋሎት ቧንቧ አጠገብ ቢያልፍና እውነተኛው ሙቀት 70 ዲግሪ ቢሆን፣ በዚያው ቀመር 40 ዓመቱ ወደ 14 ዓመት ተኩል ይወርዳል። በ10 ዲግሪ ልዩነት ብቻ። ስለዚህ «ይህ ኬብል 40 ዓመት ያገለግላል» የሚል ሰው በስንት ዲግሪ እንደሆነ ካልጨመረ ምንም አላለም። ሌላም ገደብ አለ። ምድጃው በጣም ከጋለ የፕላስቲኩ ላይኛው ቆዳ ብቻ ኦክሳይድ ሆኖ ይደርቃል፤ ኦክስጅን ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። በዝግታ ያረጀ ኬብል እንደዚያ አይደለም። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ገምጋሚ በጥቂት ቀን ያለቀ እርጅና ሲያይ ፊቱን የሚያጨማድደው።

ከምድጃው ቀጥሎ ጋማ ጨረር የሚያመነጭ ኮባልት 60 ባለበት ክፍል ውስጥ ጨረር ይወስዳል። ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። የሪአክተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ቧንቧ ተሰብሮ ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚፈጠረውን አደጋ ሙያተኛው ሎካ ይለዋል። ያረጀውና በጨረር የተመታው ኬብል የብረት ጋን ውስጥ ይጠቀለላል። ቮልቴጅና ከረንት ይለቀቅበታል። ከዚያ እንፋሎቱ በሰከንዶች ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ 170 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ቦሪክ አሲድ ያለበት ውኃም ይረጭበታል፤ ምክንያቱም በእውነተኛው አደጋ ሕንፃውን ለማቀዝቀዝ ከጣራው የሚረጨው እሱ ነው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ፈተናው ግን ይቀጥላል። 30 ቀን የተለመደ ነው፤ ከዚያ የሚረዝምም አለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የኢንሱሌሽኑ ሬዚስታንስ ይለካል። የመለኪያ ሲግናል ለሚያስተላልፍ ኬብል ትንሽ ሊኬጅ እንኳ ቁጥሩን ያዛባል፤ ኦፕሬተሩ ያልሆነ የውኃ ከፍታ ያነብባል።

አላለቀም። ኬብሉ ከጋኑ ሲወጣ የውጭ ስፋቱን 40 እጥፍ በሚያህል ክብ ብረት ላይ ይጠመጠማል። 15 ሚሊ ሜትር ለሆነ ኬብል 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ኢንሱሌሽን ከ3,000 ቮልት በላይ ይለቀቅበታል፣ ለ5 ደቂቃ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ እዚህ ላይ ይጋለጣል። ብዙ ጎበዝ ኬብል እንፋሎቱን አልፎ በዚህች መጠምጠም የሚወድቀው ለዚህ ነው።

አሁን የእርስዎ የእሳት ፍተሻ የቱ እንደሆነ ያጣሩ። ብዙ ፋብሪካ «አልፈናል» የሚለው አይ ኢ ሲ 60332-1 የሚባለውን ነው። እሱ አንድ ነጠላ ኬብል ቆሞ በትንሽ ነበልባል የሚፈተንበት ነው። በማመንጫ ውስጥ ኬብል ለብቻው አይኖርም። በመቶ የሚቆጠር ኬብል በአንድ የብረት ትሬይ ላይ ይተኛል። የኬብል ክምችት ሲቃጠል ባሕርይው ፈጽሞ ሌላ ነው። ቢያንስ 60332-3 ያስፈልጋል፤ በቁም ትሬይ ላይ በጥቅል የሚፈተነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው በአላባማ፣ ብራውንስ ፌሪ ማመንጫ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.፣ ሠራተኞች ኬብሎቹ ግድግዳውን የሚያልፉበት ቀዳዳ አየር ያሳልፍ እንደሆነ እያዩ ነበር። መመርመሪያቸው ሻማ ነበር። ነበልባሉ ወደየት እንደሚያዘነብል ማየት ነው። ማሸጊያው ደግሞ የሚቀጣጠል ፎም ነበር። አየሩ ነበልባሉን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ፎሙ ተያያዘ፤ እሳቱም ከግድግዳው ባሻገር ወዳለው ትሬይ ገባ። ለሰባት ሰዓት ያህል ነደደ። ከ1,600 በላይ ኬብሎች ተበላሹ፤ ከ600 የሚበልጡት የደኅንነት ኬብሎች ነበሩ። የመጀመሪያው ሪአክተር የድንገተኛ ማቀዝቀዣ ፓምፖች ከእጅ ወጡ፤ ኦፕሬተሮቹ ለሌላ ሥራ በተሠሩ ፓምፖች ነው ውኃውን ያቆዩት። የኤሌክትሪክ እሳት ነው ብለው ውኃ ለመርጨት ለረጅም ጊዜ አመነቱ። በመጨረሻ ሲፈቀድ እሳቱ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ።

ከዚያ የወጣው ትምህርት ስለ ኬብሉ ብቻ አልነበረም። ዋናውና መጠባበቂያው ኬብል በአንድ ክፍል ተቃርበው መሄዳቸው ነበር ጉዱ። አሜሪካ ከዚያ በኋላ ያወጣችው ደንብ ሁለቱ መስመሮች ለሦስት ሰዓት እሳት በሚችል ግድግዳ እንዲለያዩ፣ ወይም ቢያንስ 6 ሜትር ተራርቀው መሃላቸው የሚቃጠል ነገር እንዳይኖርና ጭስ ጠቋሚና በራሱ የሚሠራ እሳት ማጥፊያ እንዲኖር፣ ወይም የአንድ ሰዓት መከላከያ ከነዚሁ ጠቋሚና ማጥፊያ ጋር እንዲደረግ ይጠይቃል። አንድ ኬብል የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ለሁለት መስመር አይበቃም።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላ የፍተሻ ገደብ ይወስደኛል። ፍተሻ ያለፈ ዕቃ ያላሰቡለት ነገር ሲመጣበት ምንም ዋስትና የለውም። ፎርስማርክ፣ ስዊድን፣ ሐምሌ 25 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.፦ ከማመንጫው ውጭ ባለው የ400 ኪሎ ቮልት ጣቢያ ጥገና ላይ ሾርት ተፈጠረ። ቮልቴጁ ሲዘልል አራት ከነበሩት የዩ ፒ ኤስ መስመሮች ሁለቱ ራሳቸውን ዘጉ። የነሱ ሁለት ዲዝል ጀኔሬተሮች ተነስተው ነበር፤ ግን መቆጣጠሪያቸው ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያው ከጠፋው ዩ ፒ ኤስ ስለነበር መስመሩ ላይ አልገቡም። ከ22 ደቂቃ ገደማ በኋላ በእጅ ገቡ። አራቱም ዩ ፒ ኤስ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁለቱ ወድቀው ሁለቱ መትረፋቸው ሰው ሊመካበት የሚችል ነገር አይደለም። የመከላከያው የቮልቴጅ ማስተካከያ በትክክል አልተናበበም ነበር። አራት መጠባበቂያ አለኝ ያለ ሰው፣ አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ ነው ያለው ሊባል ይችላል።

ፉኩሺማን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ከ13 ዲዝል ጀኔሬተሮች 12ቱ ከሱናሚው በኋላ ሥራ አቆሙ። የተረፈው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የነበረ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ብቻ ነው፤ የ6ኛው ሪአክተር። ብዙዎቹ ስዊችጊሮች (የኃይል ማከፋፈያ ሰሌዳዎች) እና ባትሪዎች ከምድር በታች ነበሩ። የአንዱም የፍተሻ ሰነድ የባሕር ውኃ ውስጥ ስለ መዋኘት አያወራም። ሠራተኞቹ የመለኪያ መሣሪያዎቹን ለማንበብ ከመኪና ባትሪ እየፈቱ ነበር የሚያገናኙት።

አሁን ስለ «ወረቀቱ»። ወዳጅዎ ግማሹን ልክ ነው። ዋጋውን ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ በእርግጥ ወረቀት ነው። ግን ወረቀቱ ትርፍ ነገር አይደለም። ማመንጫው ውስጥ የሚገባው ኬብል እንፋሎት ውስጥ አልተፈተነም፤ የተፈተነው ወንድሙ ነው። የተፈተነው ተበላሽቷል፤ አይሸጥም። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው «ይህ ኬብል ያኛውን በሁሉ ነገሩ ይመስላል» የሚል ማስረጃ ነው። ያው የፕላስቲክ ቅመም፣ ከዚያው አቅራቢ፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ሙቀት የተሠራ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ያ ሁሉ የጋንና የጨረር ፈተና ለእርስዎ ኬብል ምንም አይመሰክርም።

ወረቀቱ ሲዋሽ ምን እንደሚሆን ኮሪያ አይታለች። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሁለት ሪአክተሮች የተዘጉት ሰርተፍኬታቸው ፎርጅድ በሆነ ትናንሽ ዕቃዎች ምክንያት ነው፦ ፊውዝ፣ ማራገቢያ፣ ስዊች የመሳሰሉ። በግንቦት 2013 ደግሞ የባሰው መጣ። በሺን-ኮሪና በሺን-ዎልሶንግ ማመንጫዎች የተዘረጋ የደኅንነት ኮንትሮል ኬብል፣ የአደጋ ፍተሻ ውጤቱ ተጭበርብሮ ተገኘ። በሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ሪአክተሮች እንዲቆሙ ታዘዘ፤ ለጥገና የቆመ ሌላ እንዳይነሣ፣ ፈቃድ የሚጠብቅ አራተኛም እንዳይጀምር ተደረገ። የኮሪያ በጋ ነው፤ ሙቀቱ ይከብዳል፤ የኃይል እጥረቱ አገሩን ሁሉ ነካ። ኬብሉ ተጎልጉሎ ወጥቶ ሌላ እስኪዘረጋ ሪአክተሮቹ የተመለሱት በጥር 2014 ነው። ሰዎችም ታሰሩ። በግንባታ ላይ የነበሩት ሺን-ኮሪ 3 እና 4 ኬብልም በድጋሚ ሲፈተሽ ሳያልፍ ቀርቶ ተቀየረ፤ ማመንጫው ዘገየ።

ይህ ሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ሺን-ኮሪ 3 አቡዳቢ ውስጥ ላለው የባራካ ማመንጫ መነሻ ሞዴል ነው። ባራካ ዛሬ አራት ሪአክተሮቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ የኢሚሬቶችን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ሩብ ይሸፍናል። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ማብሪያ ሲጫኑ ከዚሁ ቤተሰብ የመጣ ኃይል ይደርሳቸዋል።

እንግዲህ እናንተ ምን አማራጭ አላችሁ? ሦስት ይታየኛል።

አንደኛው ሙሉውን የኒውክሌር ብቃት ማስመስከር ነው። የምድጃው፣ የኮባልቱና የእንፋሎት ጋኑ ፈተና በሙሉ ቅደም ተከተሉ አገር ውስጥ አይሠራም፤ ይህን የሚያደርጉ ላብራቶሪዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። ጊዜውም በወራት የሚያልቅ አይደለም። ያውም ከፈተናው በፊት የጥራት ሥርዓቱ መቆም አለበት። የአሜሪካው ደንብ 18 መስፈርት ይዘረዝራል፤ ከዲዛይን ቁጥጥር እስከ መዝገብ አያያዝ። በአሜሪካ ገበያ ደግሞ አቅራቢው ዕቃው ላይ ደኅንነትን የሚነካ ጉድለት ካገኘ በሕግ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። አንድ ማመንጫ እንኳ ገና ባልተጀመረበት አገር ለዚህ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም።

ሁለተኛው በንግድ ደረጃ የተመረተ ዕቃን መርምሮ ለደኅንነት ሥራ ማጽደቅ ነው። አሜሪካኖቹ ብዙ ይጠቀሙበታል። ዕቃው ሥራውን የሚሠራባቸው ወሳኝ ባሕርያት ይለያሉ፤ ከዚያ በፍተሻ፣ ፋብሪካውን በመመርመር፣ ሲመረት በመቆም ወይም በቆየ የአገልግሎት ታሪክ ይረጋገጣሉ። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የገዢው ወይም የሦስተኛ ወገን መርማሪ ሥራ ነው። ፋብሪካውም ሊያደርገው የሚችለው ከላይ ያልኩትን የጥራት ሥርዓት ካቆመ ነው። ጨካኝ በሆነው አካባቢ ለሚገባ ኬብል ደግሞ የእርጅናውንና የእንፋሎቱን ፈተና አያስቀርም። አንዳንድ ሻጮች ይህን መንገድ እንደ አቋራጭ ያወሩታል፤ አቋራጭ አይደለም።

ሦስተኛው ደኅንነትን ለማይነካው ክፍል ማቅረብ ነው። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ሌላውን ለጊዜው ተዉት። ግብፅን ይመልከቱ። ኤል ዳባ ላይ ሩሲያ የምትሠራው ማመንጫ አራት ቪ ቪ ኢ አር-1200 ሪአክተሮች አሉት። ስምምነቱ የአገር ውስጥ ድርሻ ከመጀመሪያው ሪአክተር ቢያንስ 20 በመቶ ጀምሮ በአራተኛው ወደ 35 በመቶ እንዲያድግ ይላል። ይህ ድርሻ የሚሞላው በሲሚንቶ፣ በብረት፣ በግንባታ፣ በተራ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ኢትዮጵያም ወደ ግንባታ ከገባች መጀመሪያ የሚከፈተው በር ይኸው ነው። ለዚያ በር የእናንተ ፋብሪካ ሩቅ አይደለም።

ግን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለባችሁ፤ ማሽንም አይደለም፣ ላብራቶሪም አይደለም። የጥሬ ዕቃው ነገር ነው። እንደ ብዙዎቹ ፋብሪካዎቻችን ከሆናችሁ፣ ኮምፓውንድ (የተቀመመ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ) የምትገዙት ኤልሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) በተከፈተበት ሰዓት ካገኛችሁት አቅራቢ ነው። ዛሬ ከህንድ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከቻይና፣ ከዚያ ደግሞ ካለው። አዲስ ኬብል ላይ የሚደረገው ፍተሻ ይህን አይያዘውም፤ ሁሉም ያልፋል። ከ15 ዓመት በኋላ ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ያረጃል። የኒውክሌር ገዢ ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ከመጋዘን አንድ ድራም አውጥቶ «የዚህ ኮምፓውንድ ባች ቁጥሩ ስንት ነው? የመጣበት ሰነድ የት አለ? በዚያ ቀን የኤክስትሩደሩ (ፕላስቲኩን አቅልጦ ሽቦው ላይ የሚያለብሰው ማሽን) ሙቀት ስንት ነበር?» ነው። በዚያው ቀን ካልመለሱ፣ ሰርተፍኬትዎን አያይልዎትም።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የሚሠራ ሥራ አለ። ለአንድ ምርት ብቻ፣ ለምሳሌ ለአንድ ዓይነት የኤክስ ኤል ፒ ኢ ኮንትሮል ኬብል፣ የኮምፓውንዱን አቅራቢና ቅመም ቆልፉ። ከድራሙ ተነስቶ እስከ ባቹ የሚያደርስ መዝገብ ያዙ። አቅራቢ መቀየር ግድ ከሆነ ይቀየር፤ ግን የምርቱ ኮድም አብሮ ይቀየር፤ በአሮጌው ስም አይሸጥ። ከ60332-1 አልፋችሁ ከሆነ ወደ 60332-3 ሂዱ።

ሌላም ዛሬውኑ የምትችሉት አለ፣ ያውም በእጃችሁ ባለው መሣሪያ። የማርጃ ምድጃና የመጎተቻ ማሽን የሌለው ኬብል ፋብሪካ አይኖርም። ከኢንሱሌሽኑ ናሙና ቆርጣችሁ በሦስት የተለያየ ሙቀት አርጁት። በየተወሰነ ጊዜ እያወጣችሁ እስኪበጠስ ስንት በመቶ እንደሚለጠጥ ለኩ። አዲስ ሲሆን ከብዙ መቶ በመቶ ይጀምራል፤ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ በሙያው ዘንድ ዕድሜው እንዳለቀ ይቆጠራል። ከሦስቱ ሙቀቶች የቁሱን አክቲቬሽን ኢነርጂ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ከላይ ያስቀመጥኩት 1 ኤሌክትሮን ቮልት ለምሳሌ ያህል ነው፤ በሌላ ሰው ቁጥር የራሳችሁን ኬብል ዕድሜ እንዳታሰሉ። ይህ ሥራ ወራት ይወስዳል። ማንም ግን አይከለክላችሁም፤ ውድም አይደለም። ነገ ማንም የውጭ ገዢ ሲመጣ፣ ኒውክሌር ሆነ አልሆነ፣ ይህን ኩርባ ካሳያችሁት ወሬው ይለወጣል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «በአጭር ጊዜ የኒውክሌር ሰርተፍኬት እናስገኛለን» የሚል ደላላ ሊመጣባችሁ ይችላል። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የትኛው ላብራቶሪ፣ በየትኛው የሙቀትና የግፊት ኩርባ፣ ለየትኛው የሪአክተር ዲዛይን? ብቃት ከተወሰነ ቦታና ከተወሰነ የአደጋ ሁኔታ ጋር የታሰረ ነው፤ ለሁሉም ማመንጫ የሚሆን ሰርተፍኬት የለም። ከመለሰላችሁ ጥሬ ዳታውን በቀጥታ ከላብራቶሪው እንጂ ከሱ እጅ አትቀበሉ። የኮሪያው ጉድ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው ስለ ካታሎጉ ነው፤ አለቆችዎ ሊሟገቱ ስለሚችሉ። «ለኒውክሌር ማመንጫ የሚሆን» ብሎ መጻፍ ዕቃው ለየትኛውም ክፍል ይሆናል የሚል ቃል መግባት ነው። አንድ ተቋራጭ ያንን መስመር አንብቦ ኬብሉን ያለቦታው ቢዘረጋው ተጠያቂው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። መጻፍ ካለበት እውነቱ ይጻፍ፦ የትኛውን ስታንዳርድ በየትኛው ቁጥርና ዓመት እንዳለፈ፣ የተፈተነበት ላብራቶሪ፣ የተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ለደኅንነት ወሳኝ አገልግሎት አልተፈተነም»። ሻጮቻችሁ ይህን መስመር አይወዱትም። የኒውክሌር ገዢ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።